አደይ አበባና የወሎ መንገድ

ክረምቱ ተገባዶ ሰማዩ ሲጠራ ምድራችን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የምትለብሰውን ልብስ ትለብሳለች። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው በመስከረምና በጥቅምት የጣርማ በርን ከፍታ ሲያልፍ የእርሻው ዳርና ተረተሩ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ያገኘዋል። ወደ ደብረ ሲና ወርዶ የሸዋ ሮቢትንና የከሚሴን ሞቃት ሸለቆ ሲያቋርጥ አበባዪቱ እየሳሳች ትሄዳለች። ኮምቦልቻ ደርሶ በሐረጎ ዳገት እየተጠማዘዘ ሲወጣ ግን እንደገና ትቀበለዋለች። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ከ1,850 ሜትር ገደማ ተነሥቶ እስከ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል፣ በአንድ ሰዓት ጉዞ ውስጥ ከቆላ ቀመስ ወደ ደጋ ያሸጋግራል። መስከረም 21 ቀን ለሚከበረው የግሸን ማርያም በዓል በደሴ በኩል የሚያልፉ ተሳላሚዎችም ይህን ውበት እያዩ ነው የሚጓዙት።

ጊዜውን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። አደይ አበባ ከመስከረም መባቻ ጀምራ ትፈካለች፤ በመስቀል ሰሞን ትደምቃለች፤ ጥቅምት ሲገባደድ ትጠወልጋለች። በኅዳር መጨረሻ የሚመጣ መንገደኛ የሚያገኘው ደረቅ አገዳና የረገፈ ዘር ነው።

ስለዚህ ጉዞ ለመጻፍ ያነሣሣን ከትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አንዱ ያቀረቡልን ጥያቄ ነው። የቁምስናው ወጣቶች በጥቅምት አንድ ቅዳሜ አበባ ለማየት ወደ ሐረጎና ወደ ሐይቅ ለመጓዝ ተሰናድተው ነበር። ይህን የሰሙ አንዲት እናት፣ «እኛ በሐረጎ ቁልቁለት ልጅ አዝለን በእግራችን የወረድነው በዚሁ በአበባው ወር ነው፤ እንዴት አበባ ለማየት ይኬድበታል?» አሉ። መምህሩም የሚመልሱት አጥተው ዝም አሉ። ጥያቄው የእኚያ እናት ብቻ ስላልሆነ፣ እኛም በችኮላ ልናልፈው አልወደድንም።

በእርግጥም ይህ መንገድና ይህ ወር ከባድ ትዝታ አላቸው። የወሎ ገበሬ በረኃብ ከቀዬው ተነቅሎ በዚሁ አውራ ጎዳና ዳር እጁን ለመንገደኛ ሲዘረጋ ከቆየ በኋላ፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም ለዓለም የታየው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነበር። ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የተላለፈው የቢቢሲ ዘገባ ዓለምን ያስለቀሰው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ያዳረሰውም በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ነበር፤ ከሰሜን ተፈናቅለው በከተሞቻችን ትምህርት ቤቶች የተጠለሉት ወገኖች ከአስጠጓቸው ነዋሪዎች ጋር እንደገና ለስደት የተነሡበት ጊዜ ነው። ሦስቱም በጥቅምት፣ ሦስቱም አደይ ባልረገፈችበት ወቅት ሆኑ። እንግዲህ የእኚያ እናት ቃል ከምሬት ብቻ የመጣ ሳይሆን እውነት ያለበት ቃል ነው።

ታዲያ ክርስቲያን በዚህ መንገድ ላይ በአበባ መደሰት ይገባዋልን?

በመጀመሪያ የጌታችንን ትምህርት እናስብ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጌታ የሜዳ አበቦችን እንድንመለከት ያዘዘን ስለ ምግብና ስለ ልብስ በሚናገርበት ስፍራ ነው። ነገ ምን እንበላለን፣ ምን እንለብሳለን ብለው ለሚጨነቁ ሰዎች ነው የተናገረው። እንግዲያስ አበባን መመልከት ለጠገበ ሰው ብቻ የተተወ ነገር አይደለም፤ ድኻውም፣ ተፈናቃዩም በአባቱ ምድር ላይ ዐይኑን የማንሣት መብት አለው። ጌታ የአበባዋን ሕይወት አጭርነትም አልሸሸገም፤ ዛሬ ታይታ ነገ ወደ እሳት እንደምትጣል በዚያው ቃል አሳስቦናል። እንዲህ ስለሆነ የአበባ ደስታ ሐዘንን የሚያስረሳ ደስታ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛም ቤተ ክርስቲያን ራሷ ይህን ጥያቄ እንዴት እንደመለሰችው እንይ። ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ጋር በምንጋራው በግእዝ ሥርዓት ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ጊዜ ዘመነ ጽጌ፣ ማለትም የአበባ ዘመን ይባላል። በዚህ ወራት የምናስበው ግን አበባን ብቻ አይደለም። እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ ከዮሴፍ ጋር ወደ ግብፅ መሰደዷን እናስባለን። አባቶቻችን ምድር እጅግ ባማረችበት ወቅት ልጅ ታቅፋ በምትሸሽ እናት ስም ጸሎት እንዲደረግ ወሰኑ። ማኅሌተ ጽጌ በተሰኘው ድርሰትም አበባውና ስደቱ በአንድነት ይነሣሉ። ስለዚህ በሐረጎ ቁልቁለት ልጅ አዝለው የወረዱት እናት ከዘመነ ጽጌ ውጭ አይደሉም፤ በመካከሉ ናቸው። የእሳቸውን መንገድ እመቤታችን አስቀድማ ሄዳበታለች።

ሦስተኛ፣ ዐይናችንን የሚያታልል አንድ ነገር መኖሩን መናገር ይገባናል። በመኪና መስኮት የሚያይ መንገደኛ ምድሩ ለምልሞ፣ ዳገቱ በአበባ ተሸፍኖ ሲያገኘው «እንዴት ያለ የጠገበ አገር ነው!» ይላል። ነገር ግን ልምላሜ ጥጋብ አይደለም። በመስከረምና በጥቅምት የመኸሩ እህል ገና በማሳ ላይ ነው፤ ያለፈው ዓመት ጎተራ ደግሞ ተራቁቷል። የበልጉ ዝናብ በቀረበት ዓመትማ የደቡብ ወሎ ደገኛ ችግሩ ድርብ ይሆንበታል። አጨዳው እስኪደርስ ገበሬው የሚቆጥራቸው ሳምንታት አበባዪቱ የምትፈካባቸው ሳምንታት ናቸው። ይህን የማያውቅ መንገደኛ አበባውን አይቶ ሰውን ሳያይ ያልፋል።

ኃጢአቱም ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለፉት ካህንና ሌዋዊ የቆሰለውን ሰው አላዩትም አልተባለም፤ አይተው አለፉ እንጂ (ሉቃ. 10)። ሳምራዊው ግን አይቶ ቆመ። እንግዲህ ለአበባ ቆሞ ለሰው አለመቆም ነው ጥፋቱ። ስለ አበባ መኪናውን ያቆመ ሰው ቢያንስ መቆምን ያውቃልና፣ ከዚያ ቀጥሎ ወዴት እንደሚመለከት ራሱን ይጠይቅ።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ፣ የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከትን በ2015 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት አባት፣ በዚያው ዓመት «ላውዳቶ ሲ» የተሰኘውን ሐዋርያዊ መልእክት አውጥተዋል። በእርሱም የምድር ጩኸትና የድኾች ጩኸት በአንድነት ሊሰሙ እንደሚገባ ያስተምራሉ። የአሲሲው ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ከገዳሙ አትክልት ስፍራ ጥቂቱ ሳይነካ እንዲተውና የዱር አበቦች እንዲበቅሉበት ይጠይቅ እንደነበረም ያስታውሳሉ፤ ይህም የሚያዩት ሰዎች አሳባቸውን ወደ ፈጣሪ እንዲያነሡ ነው።

ይህ ምሳሌ ለእኛም መንገዶች ይስማማል። አደይ አበባ በየዓመቱ ከዘሯ የምትበቅል ናት፤ ከመንገዱ ዳር በሸክም በሸክም ከተነቀለች ለሚመጣው ዓመት የሚወድቅ ዘር ይቀንሳል። ንቦችም የጥቅምትና የኅዳርን ማር የሚሠሩት ከእርሷና ከመሰሎቿ ነው። ስለዚህ ለበዓል የሚሆን ጥቂት እንቀጥፍ፤ የቀረውን ለዘሩ፣ ለንቡና ከኋላችን ለሚመጣው መንገደኛ እንተው። ፎቶግራፍ ለመነሣት ብለን የገበሬውን ማሳ አንርገጥ፤ ለእኛ ጌጥ የሆነው ስፍራ ለእርሱ የልጆቹ እንጀራ ነውና ባለቤቱን ሰላም ብለን እናስፈቅድ። በአካባቢያችን አብዛኛው ገበሬ ሙስሊም ወንድማችን ነው፤ ሰላምታችንና አክብሮታችን ለእርሱ የሚደርሰው ስብከት ይኸው ነው።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የምናቀርበው አሳብም አለ። ወጣቶቹ ይሂዱ፤ ነገር ግን ከመሄዳቸው በፊት ወደ እኚያ እናት ቤት ጎራ ብለው ታሪካቸውን ከአፋቸው ይስሙ። እናታችን ፈቃዳቸው ከሆነም አብረው ይሂዱ፤ በየት እንደወረዱ፣ ማን ውኃ እንዳቀመሳቸው፣ ማን ደጁን እንደከፈተላቸው በስፍራው ላይ ያሳዩ። በዚያም አንድ ጸሎት ይደረግ፤ በመንገድ ለቀሩት ነፍስ፣ ዛሬም ከቀያቸው ርቀው ላሉት መመለስ። ለመኪና ከተዋጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለአንድ ችግረኛ ቤተሰብ እስከ አጨዳ የሚሆን እህል ይግዛ። እንዲህ ከሆነ ጉዞው ሽርሽር ብቻ ሆኖ አይቀርም።

እኚህ እናት ከቤታቸው አልወጣም ቢሉ ደግሞ ማንም አይገፋፋቸው። ሐዘን የራሱ ጊዜ አለው፤ ደስታን በሌላው ላይ መጫንም ፍቅር አይደለም። ወጣቶቹ ሲመለሱ ጥቂት አበባ ይዘውላቸው ይምጡ፤ ቢቀበሉ መልካም፣ ባይቀበሉም በደጃቸው አጠገብ ባለው የእመቤታችን ሥዕል ሥር ያኑሩት። ስደተኛዪቱ እናት ታውቀዋለች።

እግዚአብሔር ዘመነ ጽጌን የሰላም ያድርግልን። አሜን።