ያለ ጉዳይ መንገድ መውጣት ይገባልን?

በሀገራችን ልማድ መንገደኛን ያገኘ ሰው አስቀድሞ ሰላምታ ይሰጣል፤ ቀጥሎም «ከወዴት ትመጣለህ? በምን ጉዳይስ ትሄዳለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ለቅሶ የሚደርስ፣ ገበያ የሚወጣ፣ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ወይም ንግሥ ለማክበር የሚገሠግሥ ሰው መልሱ ከአፉ አይጠፋም። «ጉዳይ የለኝም፤ አገር ለማየት ብቻ ነው» የሚል ቢኖር ግን ጠያቂው ወይ ሥራ ፈት ወይም የሚደብቀው ነገር ያለው አድርጎ ይገምተዋል። እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፣ ሰው ያለ ጉዳይ መንገድ ቢወጣ ይገባዋልን ወይስ አይገባውም? ይህን ጥያቄ አንድ የቀን ጉዞ ምሳሌ አድርገን እንመርምረው።

አስቀድሞ ሥራ መፍታትና ማረፍ አንድ እንዳልሆኑ ማወቅ ያስፈልጋል። ሥራ ፈት የሚባለው የሚገባውን ሥራ ትቶ በሌላው ድካም የሚኖር ሰው ነው። የሚያርፍ ግን ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ትንፋሹን የሚመልስ ነው። ፈጣሪያችን ፍጥረትን በስድስት ቀን ፈጽሞ በሰባተኛው ቀን ማረፉ፣ ዕረፍት ከሥራ ጋር የማይጣላ መሆኑን ያስረዳል። ሐዋርያትም ከአገልግሎት በተመለሱ ጊዜ፣ ለብቻቸው ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ጌታችን እንዳዘዛቸው ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ በስድስተኛው ምዕራፍ ጽፏል። ይሁን እንጂ ሕዝቡ በእግር ቀድሞ ደርሶ በጠበቃቸው ጊዜ፣ ጌታችን ዕረፍታችንን አወካችሁብን ብሎ አላሰናበታቸውም፤ አዘነላቸው፣ አስተማራቸውም። አንባቢ ይህን ነገር ልብ ይበል፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

በ2006 ዓ.ም. የመስቀል በዓል ካለፈ በኋላ በአንድ ሐሙስ ቀን፣ የወለጋ ተወላጅ ከሆነ አንድ መምህር ወዳጃችን ጋር በሞተር ብስክሌቱ ተቀምጠን ከነቀምት ወደ ምሥራቅ ወጣን። የመጀመሪያውን ሞተር ብስክሌት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባኽ የተባሉ ጀርመናውያን ሲሠሩት፣ ኃይሉ የአንድ ፈረስ ጉልበት እኩሌታ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን በወለጋ ከተሞች ገበሬውንም ነጋዴውንም የሚያመላልስ ሆኗል። እኛ የመንገድን ርዝመት የተማርነው ቀድሞ በቈሎ ተማሪነታችን ዘመን፣ ደበሎ ለብሰን አኩፋዳ አንግተን በእግራችን ስንሄድ ነውና፣ ይህ መቀመጫ ለእኛ እንግዳ ነገር ነበር።

ነቀምት ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ ጭነቱን በበቅሎ ጭኖ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ እንኳ 11 ቀን ይፈጅበት ነበር። ነገር ግን በመካከሉ ባሉት 10 ሌሊቶች በሰው ደጅ ስለሚያድር፣ ያስጠጋውን ሰው በስሙ ያውቀዋል። ዛሬ በመኪና መስታወት ተዘግቶ ያንኑ መንገድ በአንድ ቀን የሚጨርሰው ሰው፣ የማንንም ስም ሳያውቅ ይደርሳል። ሞተር ብስክሌት በነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፤ እንደ መኪና ይፈጥናል፤ ነገር ግን ግድግዳ የለውም። አቧራውም፣ የዝናቡ ጠብታም፣ የጭሱ ሽታም፣ የመንገድ ዳር ሰላምታም ሁሉ ያገኝሃል።

በአንድ ሞተር ላይ ሁለት ሰው ሲቀመጥም የወዳጅነት ትምህርት አለ። መንገዱ በሚታጠፍበት ስፍራ ነጂው ወደሚያዘነብልበት ወገን ከኋላው ያለውም አብሮ ማዘንበል ይገባዋል፤ ፈርቶ ወደ ሌላው ወገን ቢያዘነብል ግን ሁለቱንም ለመውደቅ ያደርሳቸዋል። ደግሞም ከፊት ያለው ዐይኑን ከመንገዱ ሊያነሣ አይችልምና፣ ተራራውንና ማሳውን የሚያይለት ከኋላው ያለው ነው። አንዱ ስለ ሌላው ደኅንነት ይተጋል፤ ሌላውም ያየውን መልካም ነገር ይነግረዋል።

ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለችው ከነቀምት የተነሣው መንገድ በሲሬና በአኖ አልፎ፣ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በ1,650 ሜትር ከፍታ ላይ ወደምትገኘው ወደ ባኮ ይወርዳል። ባኮ የበቆሎ ምርምር የሚደረግባት ከተማ ናት፤ በገበሬዎቻችን ዘንድ የታወቀው ቢኤች 660 የተባለው ዘርም ከዚያ የወጣ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ፣ በየማሳው መካከል ማማ ተሠርቶ ይታያል። በሩጫ ለሚያልፍ ሰው ይህ ሁሉ ያማረ ልምላሜ ነው። ለገበሬው ግን ማማው በሌሊት ከርከሮን በቀን ዝንጀሮን ሲጠብቅ እንቅልፉን ያጣበት ስፍራ ነው።

ከነዚያ ማማዎች በአንዱ ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አንሥተው ስለ ጠሩን ቆምን። ወዳጃችን በኦሮምኛ «አከም ቡልተን?» ብሎ እንዴት እንዳደሩ ጠየቃቸው፤ እርሳቸውም «ነጋ፣ ገለታ ዋቃ» ብለው መለሱ፤ ሰላም ነው፣ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይሁን ማለታቸው ነው። በአማርኛ «ነጋ» ስንል ሌሊቱ አለፈ ማለታችን ነው፤ በኦሮምኛ ደግሞ ሰላም ማለት ነው። ሌሊቱን ሳይተኛ ላደረ ጠባቂ ግን ሁለቱ ትርጓሜዎች የተራራቁ አይደሉም።

ሽማግሌው እንደ ልማዱ ጉዳያችንን ጠየቁ። ወዳጃችንም «ጉዳይ የለንም፤ አገር ልናይ ነው የወጣነው» አላቸው። እርሳቸውም ስቀው «እንግዲያስ ጊዜ አላችሁ፤ ተቀመጡ። ጉዳይ ያለው ሰውማ እኔን አያየኝም» አሉን። ዘግይቶ ከተዘራው ማሳ ጥቂት እሸት ጠብሰው ካቀረቡልን በኋላ፣ ከልብሳቸው ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የባለቤታቸው የዐይን ሕክምና ቀጠሮ ነበረ። ማንበብ ስለማይችሉ የሚያነብላቸው ፈልገው በማለዳ ያለፉትን መኪናዎች ቢጠሩ የቆመላቸው አልነበረም። ወዳጃችን ወረቀቱን አንብቦ ቀጠሮው በሚመጣው ሰኞ መሆኑን ነገራቸው። በእጃቸው ጣቶች ቀኖቹን ቈጥረው «ደርሰንበታል» አሉ።

በግብረ ሐዋርያት በስምንተኛው ምዕራፍ የተነገረለት የሀገራችን ሰው በሠረገላ ተቀምጦ መጽሐፍ ሲያነብ፣ ፊልጶስ በእግሩ ሮጦ ደርሶበት ምሥጢሩን ተርጕሞለታል። በእኛ ጉዞ ግን ባለ ወረቀቱ እግረኛው ነበረ፤ አንባቢው ደግሞ በተሽከርካሪው ላይ ነበረ። ያም ሆነ ይህ ሠረገላው ባይቆም ኖሮ ንባቡና ትርጓሜው ባልተገናኙ ነበር። በኢያሪኮ መንገድ ቆስሎ የወደቀውን ሰው አይተው ያለፉት ካህኑና ሌዋዊው ጉዳያቸው ምን እንደ ነበረ አልተጻፈም። ሳምራዊውም መንገደኛ ነበረ፤ ነገር ግን ከአህያው ወረደ።

ስለዚህ ለጥያቄያችን መልሱ ይህ ነው፤ መንገድን መልካም ወይም ክፉ የሚያደርገው ጉዳይ መኖሩ ወይም አለመኖሩ አይደለም፤ ለመቆም መዘጋጀት ነው። ጉዳይ ያለው ሰው ቢቆም ጉዳዩ ይባረክለታል። ጉዳይ የሌለው ሰውም ለሚጠራው ሁሉ ካልቆመ፣ የሌላውን ላብ ለዐይኑ ማስደሰቻ አደረገው እንጂ አገር አላየም። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን ዕረፍት ወድዶ ሳለ የመጣውን ሕዝብ አለመመለሱም ይህንኑ ያስተምረናል።

አሁን የምንናገረው ነገር ግን ኀዘን አለበት። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ ምድር ሰላም ደፍርሶ ብዙ ሰው ሞቷል፤ ብዙ ሰው ማሳውንና ማማውን ትቶ ተሰድዷል። ሰላም ከመንገድ ላይ ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠፋው መቆም ነው። በመንገድ ዳር እጁን የሚያነሣውን ሰው ነጂው ይፈራዋል፤ የሚቆመውንም ተሽከርካሪ እግረኛው ይፈራዋል። ያን ጊዜ የታጠፈው ወረቀት ሳይነበብ ቀጠሮው ያልፋል። እንግዲህ ያለ ጉዳይና ያለ ፍርሃት ከወዳጅ ጋር አንድ ቀን በመንገድ መዋል ትንሽ ነገር አይደለም፤ የሰላም ፍሬ ነው። ይህን ፍሬ የቀመሰ ሰው ላልቀመሰው ወንድሙ ይጸልይ ዘንድ፣ በሰፈሩም የጠብን ቃል ያጠፋ ዘንድ ዕዳ አለበት።

ይህን ዕዳ ለመክፈል ደግሞ ሞተር ብስክሌት አያስፈልግም። ከቤቱ እስከ ገበያ የሚሄድ ሰው ሁሉ በመንገዱ የሚጠራውን ያገኛልና፣ ቆሞ ይስማው። ሌሊቱን በማማ ላይ በስጋት የሚያድረው ሁሉ ማለዳ በተጠየቀ ጊዜ፣ በሁለቱም ቋንቋ ትርጓሜ «ነጋ» ብሎ ይመልስ ዘንድ አምላከ ሰላም ይርዳን።