ስለ ምስጢር ቍጥርና ስለ አደራ

ምስጢር በአንድ ሰው ልብ ሲቀመጥ የባለቤቱ ንብረት ነው፤ ለሌላ ሰው ሲነገር ግን አደራ ይሆናል። ሰውም አደራውን ለማን እንደሚሰጥ መምረጥ ይገባዋል። ሳይወድ በግድ የሚሰጠው ምስጢር አደራ ሊባል ይችላልን? በዚህ ዘመን ዓይነ ሥውራንን የገጠማቸው ጥያቄ ይህ ነው።

ከደባርቅ ተነሥቶ፥ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቍልቍለት ወርዶ ዛሪማ በሚደርሰው መንገድ፥ ቀድሞ ገንዘብ የሚላከው በመንገደኛ እጅ ነበር። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ግን በስልክም ይላካል፤ ጠባቂውም ጥቂት አኃዝ ያለው የምስጢር ቍጥር ነው። ዓይናማው ቍጥሩን በእጁ ጋርዶ ይጽፋል። ድምፅ የማያነብ ተራ ስልክ የያዘው ዓይነ ሥውር ግን *127# ደውሎ የሚመጣለትን ጽሑፍ ማየት አይችልም፤ መልሱም ጊዜው ሳያልፍ መሰጠት አለበት። ስለዚህ ስልኩን ለጎረቤት ልጅ ወይም ለባለ ሱቅ ይሰጥና ቍጥሩን በጆሮው ይነግረዋል። እንግዲህ መዝጊያው የተዘጋው በሌባው ላይ ሳይሆን በባለቤቱ ላይ ሆነ ማለት ነው።

«ጎረቤቱን ቢያምን ምን ይጎዳዋል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ ይባላል። ነገር ግን አደራ የሚከብረው ሰጪው እንቢ ለማለት ሲችል ነው። ደግሞም ገንዘቡ በጎደለ ቀን ታማኙ ሰው ሳይቀር ይጠረጠራል፤ ንጹሕነቱን የሚያስረዳበትም የለውም። ስለዚህ ጉዳቱ የዓይነ ሥውሩ ብቻ ሳይሆን የረዳቱም ጭምር ነው።

ይህም የሆነው ዓይነ ሥውሩ ምስጢር መያዝ ስለማይችል አይደለም። በጎንደር የአብነት ትምህርት ቤቶች ትምህርቱ በቃል ስለሚያዝ፥ ዓይኑ የማያይ ተማሪ ከዓይናማው እኩል ሲያጠና ኖሯል፤ ጥቂት አኃዝ አይከብደውም። የጎደለው መሣሪያው ነው።

ብልሃቱም አለ። ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ስልክ አለ፤ ድምፁን ለባለቤቱ ብቻ የሚያሰማ ማዳመጫ አለ፤ የስልኩን ገጽ አጨልሞ ከተመልካች የሚሰውር መጋረጃም አለ። ሆኖም የመተግበሪያው ሠሪ ለየአዝራሩ ስም ካልሰጠው፥ አንባቢው ድምፅ «አዝራር፥ አዝራር» ከማለት በቀር የሚናገረው የለም። በኢንተርኔትም ሰው መሆንን ለማረጋገጥ የተጣመሙ ፊደላትን አንብብ የሚለው ፈተና፥ በድምፅ የሚሰማ አማራጭ ከሌለው፥ ዓይነ ሥውሩን ከማሽን ጋር ይቈጥረዋል።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት ያስከብራል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 9 ተደራሽነትን፥ በአንቀጽ 22 የግል ምስጢርን ይጠብቃል። ሁለቱ አንቀጾች በአንድነት መነበብ አለባቸው፤ ሊደረስበት የማይቻል ጥበቃ ጥበቃ አይደለምና።

ዓይነ ሥውርን መንገድ መምራት በጎ ሥራ ነው። ምስጢሩን ለመሪው ሳይገልጥ ጉዳዩን እንዲፈጽም ማድረግ ግን ከምጽዋት የሚቈጠር አይደለም፤ ፍርድ ነው።