የታካሚው ምስጢር የማን ነው?

 

ለወለደችን እናት ያልነገርነውን ለሐኪም እንናገራለን። ሐኪሙም ይመዘግበዋል። ለመሆኑ ያ የተመዘገበው ምስጢር የማን ነው? የእኛ? የሆስፒታሉ? ወይስ የተቀመጠበት ኮምፒውተር ባለቤት?

በ2015 እ.ኤ.አ. ለንደን የሚገኘው ሮያል ፍሪ የተባለ የመንግሥት ሆስፒታል የጎግል ንብረት ከሆነው ዲፕማይንድ ኩባንያ ጋር ተዋዋለ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ሲከሰት ሐኪሞችን በስልካቸው ቶሎ የሚያስጠነቅቅ መተግበሪያ መሥራት። ለዚህ ሲባል የ1.6 ሚሊዮን ታካሚዎች መረጃ ለኩባንያው ተላለፈ። ኩላሊቱን ያመመውም ያላመመውም፣ ኤችአይቪ በደሙ ያለበትም፣ ፅንስ የተቋረጠባትም። በ2017 የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ ሆስፒታሉ ሕግ መጣሱን አስታወቀ። ታካሚዎቹ መረጃቸው ለዚህ እንደሚውል በአግባቡ አልተነገራቸውም ነበር።

«ሰው ለማዳን እኮ ነው!» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ነፍስ ማዳን ትልቅ ሥራ ነው። የኒያ ማማር ግን የባለቤቱን ፈቃድ አይተካም። ጎረቤታችሁ ወርቋን አደራ ብትሰጣችሁ፣ «እሱ የተሻለ ካዝና አለው» ብላችሁ ሳትነግሯት ለሌላ ሰው ትሰጣላችሁ? የፊቅህ ሊቃውንት አደራ ተቀባይ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወይም ያለ አስገዳጅ ምክንያት አማናውን ለሌላ አሳልፎ እንዳይሰጥ ያስተምራሉ። ወርቅ ደግሞ ቢጠፋ ይተካል። አንዴ የተቀዳ ምስጢር ግን በምን ይመለሳል?

ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) አስታውሱ። ሊገድሏቸው ያሴሩ የመካ ሰዎች ንብረት እሳቸው ዘንድ አደራ ነበር። ቤት ንብረታቸውን ጥለው የተሰደዱ ሶሐቦች ደግሞ ችግር ላይ ነበሩ። ከዚያ ሒጅራ የበለጠ መልካም ዓላማ የት ይገኛል? እሳቸው ግን አማናውን አልነኩትም። ለየባለቤቱ እንዲመልስ ዐሊይን (ረ.ዐ) መካ አስቀርተው ወጡ።

ነገሩ የለንደን ብቻ አይደለም። ካርድ ክፍል የምትሠሩ፣ ነርሶች፣ ፋርማሲስቶች፤ የታካሚን የላብራቶሪ ውጤት ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ስትልኩ ባለቤቱ ፈቅዷል? ለሆስፒታል ሲስተም የምትገዙ ኃላፊዎች፣ የምትሠሩ ባለሙያዎች፤ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። መረጃው የት ይቀመጣል? ማን ያየዋል? ውሉ ሲያልቅ ይሰረዛል? ታካሚውስ ያውቃል? ታካሚ የሆንንም ብንጠይቅ ነውር የለውም፤ ሐቃችን ነው።

ቴክኖሎጂውን አንጥላ፤ ብዙ ኸይር አለው። ግን ፈቃድ ይቅደም። ውል የሚፈርም እጅ ነገ በቂያማ ቀን ስለፈረመው እንደሚጠየቅ ይወቅ።

አላህ አማናን ከሚጠብቁ ባሮቹ ያድርገን፤ የታመሙትን ያሽርልን፤ ነውራችንንም ይሸፍንልን። አሚን!