ሐኪሙ እስኪደርስ

ምንባብ፦ 2ኛ መጽሐፈ ነገሥት 4፥18-37



የሱነማዊቱ ልጅ በመከር ወራት ወደ አጫጆቹ ወጣ፤ በዚያም ራሱን ታሞ ወደ አባቱ ጮኸ። አባቱም ወደ እናቱ እንዲወስደው ሎሌውን አዘዘ። ሕፃኑ በእናቱ ጉልበት ላይ እስከ ቀትር ተቀምጦ ሞተ። መጽሐፍ የሕመሙን ስም አይነግረንም፤ የፀሐይ ምት እንደ ሆነ የሚያስቡ ግን ብዙዎች ናቸው።

ይህ ሕመም ከእኛ ሩቅ አይደለም። የክረምት ዝናብ ደጋችንን በሚያርስበት ወራት በጅቡቲ ከተማ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ 40 ዲግሪ ያልፋል። ሹፌሮቻችን ወደ ወደቡ ይወርዳሉ፤ ልጆቻችንም ሥራ ፍለጋ በዚያ ያልፋሉ። ብርድ የለመደ ሰውነት ሙቀቱን እስኪለምድ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይፈልጋል።

እንግዲህ አንዱ ቢወድቅ፥ ንግግሩ ቢዛባ፥ ገላው እንደ እሳት ቢያቃጥል ምን እናድርግ? አንድ ሰው ፈጥኖ ወደ ፔልቲዬ ሆስፒታል ይላክ ወይም ስልክ ይደውል። የቀረው ግን እጁን አጣጥፎ አይቁም። በሽተኛውን ወደ ጥላ ያግባ፤ ልብሱን ያውልቅለት፤ ገላውን በቀዝቃዛ ውኃ ያርስ፥ በነጠላም ያራግብለት። በረዶ ቢገኝ በጨርቅ ጠቅልሎ በአንገቱ፥ በብብቱና በብሽሽቱ ያኑር። ራሱን የሳተውን በጎኑ ያስተኛው፤ ውኃ ግን በአፉ አያፍስስ፤ ወደ ሳንባው ይገባልና። ትንፋሹንም ይጠብቅ። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ገላው የቀዘቀዘለት ሰው ብዙ ጊዜ ይድናል፤ የዘገየበት ግን አንጎሉ ይጎዳል።

አንዳንዱ፦ «እኔ ሐኪም አይደለሁም» ይላል። ሌላውም፦ «ይህ ወረቀት የሌለው እንግዳ ነው፤ በእጄ ቢሞት እጠየቃለሁ» ብሎ ያልፋል። ካህኑና ሌዋዊውም በኢያሪኮ መንገድ እንዲሁ አለፉ። ሳምራዊው ግን ወደ እንግዶች ማደሪያ ከመውሰዱ በፊት ቁስሉን በዚያው በመንገድ አሰረለት።

ኤልሳዕ አስቀድሞ በትሩን በግያዝ እጅ ላከ፤ በትሩም በሕፃኑ ፊት ላይ ተኝቶ ምንም አላደረገ። በኋላ ነቢዩ ራሱ መጣ፤ ደጁን ዘግቶ ጸለየ፥ የገዛ ገላውንም በሕፃኑ ላይ ዘረጋ። ጸሎቱ እጁን አላሰረውም፤ እጁም ጸሎቱን አላስተወውም። እኛም ከሩቅ በትር ብቻ የምንልክ አንሁን።

ይህ ሥራ አያጸድቀንም፤ የሚያጸድቀን ክርስቶስ ብቻ ነው። በአሸዋ ላይ የወደቀው ወንድማችን ግን ያስፈልገዋል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ወደ ቆላ ሲወርድ ከስንቁ ጋር ይህን ትምህርት ስጡት።

በእኛ መካከል ወርዶ ድካማችንን የተሸከመ ጌታ እጆቻችንን ያበርታ። አሜን።