የተከላካይ ጥፋት፣ የአጥቂ ዕድል

መቼም ኳስ ወዳድ ሁሉ ዳኛ ነው። እኔም ከኮልፌ ቀራንዮ ዳኞች አንዱ ነኝ። ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና ባሉት ሻይ ቤቶች ስለ ብሔራዊ ቡድናችን ሲፈረድ ሰምቻለሁ፤ ፈርጄም አውቃለሁ። ፍርዱ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «አጥቂዎቻችን ደህና ነበሩ፤ የገደለን ተከላካዩ ነው» ይባልና መዝገቡ ይዘጋል። ለመሆኑ ይህ ፍርድ ትክክል ነውን?

እስቲ ቁጥሩን እንየው። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሱት በ2005 ዓ.ም. ነበር። ደቡብ አፍሪካ ላይ በ3 ጨዋታ 7 ጎል ገባባቸው፤ 1 አገቡ። ሰባቱ ዛሬም ይነሳል። አሁን ደግሞ ወደ ጥር 1954 ዓ.ም. እንመለስ። 4 አገሮች ብቻ በተካፈሉበት የአዲስ አበባው ውድድር ዋንጫውን ያነሳነው ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ግብጽንም በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን ነው። በአማካይ በጨዋታ 2 ጎል ገብቶብናል ማለት ነው። የ2005ቱ አማካይ 2 ከሲሶ ነው። በሻምፒዮኑና በተሸናፊው መካከል የኋላው መስመር ልዩነት ይህችው ናት! የሰማይና የምድር ያህል የሚራራቀው የፊቱ ነው፤ ያኔ በ2 ጨዋታ 8 ጎል አግብተናል። የእነ መንግሥቱ ወርቁና የእነ ሉቻኖ ቫሳሎ ጎሎች የኋላውን ጉድለት ሸፈኑለት። የ2005ቱን ተከላካይ የሸፈነለት አልነበረም።

አነጋገራችንም ቢሆን ያደላል። ከዛምቢያ ጋር ሳላዲን ሰይድ ሪጎሬ ሲስት «ዕድል ነው» አልን። በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ሲወጣ ግን «ጥፋት ነው» አልን። ጥፋት መሆኑን አልክድም። ይሁንና አዳነ ግርማ ያስቆጠራትን የአቻነት ጎል ሁላችንም ስናስታውስ፣ የወቅቱ የአፍሪካ ሻምፒዮን ዛምቢያ በሁለተኛው አጋማሽ በ10 ሰው በቀረነው ላይ አንድም ጎል አለማግባቷን ማን ያስታውሳል? በኋላ ዋንጫውን የወሰደችው ናይጄሪያስ እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ ምንም እንዳላገባች ማን ይናገራል?

ተከላካዩን ከነአካቴው ነጻ ላውጣ ማለቴ አይደለም። ቡርኪና ፋሶ በረኛዋ በቀይ ካርድ ከወጣባት በኋላ በ10 ሰው 3 ጎል ጨምራብናለች። ይህን ማንም ጠበቃ አይከላከለውም። ግን እየተመራ ጎል ፍለጋ የሚወጣ ቡድን ኋላው መሳሳቱ አይቀርም፤ ዕዳውም የ11 ሰው እንጂ የ4 ሰው ብቻ አይደለም።

ነገሩ ከሜዳ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። የአጥቂ ሥራ የሚታየው ሲሳካ ነው፤ የተከላካይ ሥራ የሚታየው ሲበላሽ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሰፈር ሲጠብቅ ያደረ ዘበኛ ጠዋት ምን ያሳየናል? ያልተሰበረ በር። ላልተሰበረ በር የሚያጨበጭብ የለም። ሌባ የገባ ዕለት ግን ቀድመን የምንጠራው የእርሱን ስም ነው። የሆነውን ብቻ ቆጥሮ፣ እንዳይሆን የተደረገውን የማይቆጥር ሚዛን እንዴት ሚዛን ይባላል?

ይህ የተዛባ ፍርድ ዋጋ ያስከፍላል። በሰፈራችን ሜዳ ልጆች ቡድን ሲከፋፈሉ ሁሉም አጥቂ መሆን ይፈልጋል፤ በረኛ የሚደረገው ደካማው ነው። ይህን ማን አስተማራቸው? እኛው፣ በየሻይ ቤቱ የምንፈርደው። ያላከበርነውን ሥራ ጎበዝ ልጅ እንዲመርጠው መጠበቅ አንችልም።

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ሊሎንግዌ ላይ ግብጽን 2 ለ 0 ስናሸንፍ፣ አፋችን የያዘው የዳዋ ሆቴሳንና የሽመልስ በቀለን ሁለት ጎሎች ነው። ተገቢም ነው። ግን በዚያ ውጤት ውስጥ ሌላም ቁጥር አለ። ዜሮዋ። እሷም የሰው ላብ ናት።