የተቀመጠው ሰው የማያየው

ለአያቴ ወንበር ልሠራላት የተነሳሁት ጉልበቷን ስላመማት ነው። ዱካ ላይ ቁጭ ብላ ቡና ማፍላት ለምዳለች፤ መነሳቱ ግን አቃታት። ከፍ ያለ፣ መደገፊያ ያለው፣ ስትነሳ በእጇ የምትይዘው ነገር ያስፈልጋት ነበር። ገዝቼ መስጠት እችል ነበር። ግን ዩቲዩብ ላይ ወንበር ሲሠራ እያየሁ ወራት አሳልፌአለሁና "ይሄን እኔ አልችለውም?" አልኩ።

ሐምሌ ላይ በኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ጀመርኩ። መጋዝ፣ መሮ፣ መዶሻ፣ ከጎረቤት የተዋስኩት መላጊያ፤ እንጨቱ ደግሞ በርካሽ ያገኘሁት የባሕር ዛፍ ጣውላ ነበር። ወንበር ከመደርደሪያ የሚከብደው ሰው ሙሉ ክብደቱን ስለሚጥልበት ነው፤ ያውም ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ይዞራል፣ ተደግፎ ይነሳል። ያ ሁሉ ጫና የሚያርፈው እግሩና አግዳሚው በሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ነው። የአግዳሚው ጫፍ እንደ ምላስ ይጠረብና እግሩ ላይ በተበሳው ቀዳዳ ይገባል። በእጅ ግፊት፣ ቢበዛ በቀላል የመዶሻ ምት፣ ጥብቅ ብሎ መግባት አለበት።

ከመቀመጫው ስር ካሉት ስምንት መጋጠሚያዎች ሰባቱ እንደዚያ ገቡ። የኋላው ግራ እግር ላይ ያለው አንዱ ግን ቀዳዳው ሰፋብኝ፤ ምላሱ ውስጡ ይጫወታል። የነሐሴ ማታ ነው፣ ደክሞኛል፣ በማግስቱ ወንበሩን ላደርስላት ቃል ገብቻለሁ። ሰጋቱራ በኮላ ለወስኩና ክፍተቱን ሞላሁት። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ ቫርኒሽ ቀባሁት። ኮላና ሰጋቱራ ክፍተት ይሸፍናል እንጂ ጭነት አይሸከምም። ይሄን አውቅ ነበር።

አያቴ ወንበሩን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታሳያለች፤ "የልጅ ልጄ በእጇ የሠራችው!" እኔ ደግሞ በሄድኩ ቁጥር ዓይኔ የኋላው ግራ እግር ላይ ነው።

ፕሌቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው ሥራው 10ኛ ክፍል ላይ አንድ ሐሳብ ያነሳል፦ የአንድን ዕቃ ጥሩነትና መጥፎነት በደንብ የሚያውቀው የሠራው ሳይሆን የሚጠቀምበት ነው፤ ዋሽንት ሠሪው ከዋሽንት ነፊው መስማት አለበት። ለወንበርም ግማሹ እውነት ነው። መቀመጫው ከፍ ማለቱን፣ መደገፊያው ወገብ መቆርቆሩን የምታውቀው እሷ ናት። ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላ መጋጠሚያው ውስጥ ያለውን የሚያውቀው ግን ሠሪው ብቻ ነው። ታዲያ ያ እውቀት የማን ነው? የእኔ የግል ጉዳይ ነው ወይስ እሷ የምትጠይቀኝ ዕዳ?

ለራሴ የምሰጠው መልስ ዝግጁ ነበር። ጀማሪ ነኝ። ገንዘብ አልተቀበልኩም። ማንም አልወደቀም። በፍቅር ነው የሠራሁት። እስቲ ይሄን የመጨረሻውን አስቡት። ከሱቅ ወንበር ስንገዛ እናወዛውዘዋለን፣ ገልብጠን እናየዋለን፣ በዋጋው እንከራከራለን። ስጦታን ግን ማን ገልብጦ ያያል? ነውር ነው። አያቴ ያልፈተሸችው የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ነው። ስለዚህ ፍቅሩ ጥፋቴን አያቀልም፤ ያከብደዋል እንጂ።

ጉድለት ሁሉ ይነገር እያልኩ አይደለም። መላጊያ የቧጨረው ቦታ አለ፤ አንዱ ክንድ ከሌላው በጥቂት ሚሊሜትር ይረዝማል። እነዚህ ይታያሉ፤ የምትቀመጠው ሰው አይታ ትፈርዳለች። ጉዳዩ የሚለወጠው ሁለት ነገር ሲገናኝ ነው፦ ሰው ክብደቱን የሚጥልበት ሲሆንና ከሠሪው በቀር ማንም የማያየው ሲሆን። ይሄ ለእንጨት ብቻ አይደለም። ከልስኑ ስር ያለ ግድግዳ፣ ሳይሞከር የተላከ ኮድ፣ "አጣርቻለሁ" ተብሎ የተጻፈ ሪፖርት፤ እያንዳንዱ የራሱ የኋላ ግራ እግር አለው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። እንጨት ደግሞ ጊዜው ሲደርስ ያጋልጣል። በክረምት እርጥበት ያበጠ ጣውላ በጋ ሲገባ ይኮማተራል፤ በብዛት የሚቀንሰውም ርዝመቱ ሳይሆን ወርዱ ነው። ታኅሣሥ ላይ ወንበሩ ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ። አንድ ቅዳሜ አያቴ ስኒ ይዛ ስትቀመጥ ድምፁን ሰማሁና ከአፌ አመለጠኝ፦ "እማማ፣ ተነሺ! ያ እግር ልክ አይደለም። ከሠራሁት ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።"

ትደነግጣለች ወይ ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። ሁለቱንም አላደረገችም። ስኒውን አስቀመጠችና "ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ስቀመጥ ዝም ብለሽ ታዪኝ ነበር?" አለችኝ።

መልስ አላገኘሁም። ጥፋቴ የሰፋው ቀዳዳ መስሎኝ ነበር። ቀዳዳማ ማንም ጀማሪ ያሰፋል። ጥፋቱ እያወቁ፣ ሰው ሲቀመጥ ዝም ብሎ ማየቱ ነው።

ወንበሩን መልሼ ወሰድኩት። መጋጠሚያውን ፈታሁ፣ የደረቀውን ኮላ ፋቅሁ፣ ምላሱ ላይ በሁለቱም ጎን ስስ እንጨት ለጠፍኩና ልኩ እስኪመጣ ጥቂት በጥቂት በመሮ ቀነስኩት። ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። ያኔ ነሐሴ ላይ ቢሆን አንድ ምሽት ይበቃው ነበር። የተጠገነው ቦታ በቀለሙ ይለያል፤ እንዲታይ ተውኩት።

ስመልሰው እንድታየው ብዬ አዘነበልኩላት። አላየችም።

"አሁንስ?" አለችኝ።

"አሁን ይዟል" አልኳት።

ተቀመጠች።