የጠሩትን መግደል

ሰው ብልኀቱን በዱር አውሬ ላይ ሲያሳይ ጐበዝ ይባላል፤ ያንኑ ብልኀት በባልንጀራው ላይ ሲያሳይ ግን ከዳተኛ ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር የት ላይ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ አንመረምርም። እኛም ጥያቄውን ያገኘነው ከመጽሐፍ ገጽ ላይ ሳይሆን፥ ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ጧት ከወዳጃችን ጋር ቆቅ ልናድን ወጥተን ሳለ ነው።

ወራቱ ጸደይ፥ ጊዜውም ከፋሲካ በኋላ ያለው ሳምንት ነበር። ከጐንደር ከተማ ሌሊት ተነሥተን በደባርቅ መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘን ኮሶዬ ስንደርስ ጎሕ ገና አልቀደደም። በዚያ ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ቍልቍል ለሚመለከት ሰው ቈላው በጉም ተሸፍኖ ባሕር ይመስላል። ወዳጃችን የዚያው አገር ተወላጅ ስለ ሆነ ቆቅ የሚውልበትን ሥፍራ ለይቶ ያውቃል፤ እየመራ ወስዶ ከአንድ ቍጥቋጦ ሥር አስቀመጠን።

ወንዱ ቆቅ በዚህ ወራት ጎሕ ሲቀድ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጮኻል። ወዳጃችን ደግሞ የሴቲቱን ድምፅ በአፉ አስመስሎ መጥራትን ከልጅነቱ ጀምሮ የተማረ ነው። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ዝም አለ፤ ከማዶ መልስ መጣ። እንደ ገና ጠራ፤ መልሱ ቀረበ። ጥቂት ቈይቶም ግንባሩ የጠቈረ፥ ዐናቱ የቀላ አንድ ትልቅ ቆቅ አንገቱን አስግጎ ወደ ተጠራበት እየሮጠ መጣ። ተኰስን። ወዳጃችንም ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ በሥላሴ ስም ባረከው።

«ቆቅ ወዲህ ምዝግዝግ ወዲያ» የሚባለው ዒላማውን ለሳተ ሰው ነው። እኛ ግን አልሳትንም፤ ይልቁንም አጥብቆ ያሳሰበን በትክክል መምታታችን ነው። ለወዳጃችንም እንዲህ አልነው፦ «ተከታትለን ብንገድለው ኖሮ በእግሩና በክንፉ ተከራክሮን ይሞት ነበር። ይህ ግን የመጣው ጠርተነው ነው፤ በአገራችንም ጠርተው ያመጡትን መጕዳት ነውር ነው።»

ወዳጃችን ሣቀና መለሰ፦ «ባለፈው እሑድ የበላነውን ዶሮስ ማን ጠራው? ጥሬ በትነን፥ በለመደው ድምፅ ጠርተን አይደለምን? ይህ ቆቅ አያውቀንም፤ ዶሮው ግን ያምነን ነበር። ክሕደት ከተባለ የቤቱ ይብሳል።»

ይህ ቃል ለጊዜው አፋችንን ዘጋው። ወደ ከተማ ስንመለስ ግን በመንገድ ሳለን ነገሩን ደጋግመን መዘንነው። ዶሮውን ከጭልፊትና ከሸለምጥማጥ ጠብቀነዋል፤ ከእህላችን አካፍለነዋል፤ ዘሩም በቤታችን ይቀጥላል። ውለታው ትክክል ባይሆንም እንኳ በሁለቱም ወገን አለ። ለቆቁ ግን ምን ሰጠነው? ጥሬ አልበተንንለትም፤ ከጠላቱም አልጠበቅነውም። ለዱር ፍጥረት ልንሰጠው የምንችለው ስጦታ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ዘሩን የሚተካበትን ወራት መተው ነው። እኛ ግን ያንኑ ወራት ወጥመድ አደረግነው። እንግዲህ ጥፋታችን መብላታችን ሳይሆን፥ ያለንን አንድ ስጦታ መንፈጋችን ነው።

ይህን ስንነግረው ወዳጃችን «አንድ ቆቅ ቢጐድል ምን ይሆናል?» አለን። ለዚህ መልሱ ያለው ከደባርቅ ወዲያ፥ በስሜን ተራሮች ላይ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ኤድዋርድ ሩፔል ወደ አገራችን መጥቶ ከተመለሰ በኋላ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1835 ዋልያንና ይህንኑ የደጋ ቆቅ ለዓለም ሊቃውንት አስታወቀ፤ ቆቁንም በረዳቱ በኤርክል ስም ጠራው። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ዕድል ተለያየ። ቆቁ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1957 እስከ ሃዋይ ደሴቶች ድረስ ተወስዶ በዚያ ተራባ። ዋልያ ግን ከስሜን በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም። በየገደሉ ሥር ያደባ አዳኝ ሁሉ «አንድ ዋልያ ቢጐድል ምን ይሆናል?» ሳይል አልቀረም፤ የአንድ አንዱ ድምር ግን መንጋውን ወደ ጥቂት መቶ አወረደው። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በሕግ የተከለለው በ1962 ዓ.ም. ነው፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ሆኖም ከ1989 እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ኖሯል። ሕግ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከየቍጥቋጦው ሥር ዘበኛ ሊያቆም አይችልም። እኛንም በዚያ ጧት ከወዳጃችን በቀር ያየን አልነበረም።

ነገሩ በአደን ብቻ የሚያበቃ አይመስለንም። ሰውን በሚወደው ነገር መጥራት የሚችል ሁሉ በእጁ ትልቅ ኀይል አለ። ሹም ባለጕዳይን በፍትሕ ስም ይጠራል፤ መምህር ተማሪን በዕውቀት ስም ይጠራል፤ ወዳጅም ወዳጁን በፍቅር ስም ይጠራል። የተጠራው ጥሪውን አምኖ ይመጣል። ጠሪው «መጣልኝ» ብሎ ከመደሰቱ በፊት፥ የመጣው ምን ተስፋ አድርጎ እንደ ሆነና ያንን ተስፋ ሊሰጠው ያሰበ መሆኑን ራሱን ቢጠይቅ፥ ከብዙ ጸጸት ይድናል።

ወዳጃችን በክርክሩ እስከ ዛሬ አልተረታም፤ የዶሮውን ነገር ባነሣ ቍጥርም እኛ ጥቂት ዝም ማለታችን አልቀረም። ነገር ግን ከዚያች ጧት ወዲህ በጸደይ ወራት የሴቲቱን ድምፅ ሲጠራ አልሰማነውም። ምክንያቱን ስንጠይቀው «ጕሮሮዬን ያመኛል» ይለናል፤ እኛም ሕመሙ እንዳይሽር እንመኝለታለን።